ቼዛሬ ቤካሪያና የሞት ፍርድ

ከመርሐ ግብራችን በኋላ በምናደርገው ውይይት አንድ ቀን ነፍስ የገደለ ሰው ሊገደል ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚል ጥያቄ ተነሥቶ እስኪመሽ ድረስ ሲያከራክረን እንደ ነበር በቦታው የተገኛችሁ ታስታውሳላችሁ። ገሚሶቹ የልጇን ሬሳ የታቀፈች እናት ዕንባዋ የሚታበሰው ገዳዩ የእጁን ሲያገኝ ብቻ ነው አሉ። ገሚሶቹ ደግሞ ቃየን ወንድሙን ከገደለ በኋላ እንዳልተገደለ፣ ይልቁንም ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው ምልክት እንደ ተደረገለት አነሡ። እኛ በዚያ ምሽት ከፊተኞቹ ወገን ሆነን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ተከራክረናል። ከዚያ ወዲህ ግን በትምህርታችን ምክንያት ስለ አንድ ሰው ስናነብ ከርመን፣ ያን ጊዜ የተናገርነውን በሙሉ ልብ ልንደግመው ስላልቻልን፣ የሰውየውን ሕይወት ለእናንተ ልናካፍል ወደድን። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ሰውየው ከመናገራችን በፊት ስለ አንድ የድንጋይ ዓምድ እንናገራለን። በ1630 በሰሜን ኢጣልያ በምትገኘው በሚላኖ ከተማ ጽኑ ቸነፈር ገባ። ሕዝቡም መቅሠፍቱን ክፉ ሰዎች በየግድግዳው መርዝ እየቀቡ ያመጡት ነው ብሎ አመነ። ጕልየልሞ ፒያሳ የሚባል የጤና ሹም አንድ ቀን ማለዳ ዝናብ ሲዘንብ ግድግዳ ግድግዳውን ተጠግቶ ሲያልፍ፣ እጁም ግድግዳውን ሲነካ አንዲት ሴት በመስኮት አየችው። ወሬው ከተማውን አዳረሰ፤ ሰውየውም ተይዞ ለምርመራ ቀረበ። መጀመሪያ ካደ፤ ሥቃዩ ሲበረታበት ግን መርዙን የሰጠኝ ጃንጃኮሞ ሞራ የሚባል ፀጉር አስተካካይ ነው ብሎ ተናገረ። ሞራም በተራው ተሠቃይቶ አመነ። ሁለቱም ሥጋቸው በጋለ ጉጠት ተቆንጥጦ፣ ቀኝ እጃቸው ተቆርጦ፣ አጥንታቸው በመንኰራኵር ላይ ተከስክሶ ተገደሉ። የሞራ ቤት ከነመሠረቱ ፈረሰ፤ በቦታውም ማንም ዳግመኛ እንዳይሠራበት ተከልክሎ የነውር ዓምድ የሚባል ድንጋይ ቆመ። ቸነፈሩን ከአይጥ ወደ ሰው የሚያሸጋግረው ቁንጫ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ቅባት የሚባል ነገር ፈጽሞ አልነበረም።

ቼዛሬ ቤካሪያ ማርች 15 ቀን 1738 በዚህችው ከተማ ሲወለድ ዓምዱ ገና ቆሞ ነበር። ሚላኖ በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ ነገሥታት ሥር ትተዳደር ነበር። ቤተሰቡ የመሳፍንት ወገን፣ አባቱም ማርኪዝ ሲሆኑ ቼዛሬ የበኵር ልጅ ነው። በፓርማ ከተማ በኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ስምንት ዓመት ተማረ፤ ስለዚያ ዘመን በኋላ ሲጽፍ የሰውነት ርኅራኄውን ያደረቀበት ትምህርት እንደ ነበር በምሬት ነው የሚያስታውሰው። በሒሳብ ግን ጓደኞቹ ትንሹ ኒውተን እስኪሉት ድረስ ብርቱ ነበር። በ1758 ከፓቪያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀ። ጠባዩ ዓይን አፋር፣ ሥራ ለመጀመር የሚታክተው፣ ሰው በበዛበት የሚጨነቅ ዓይነት ነበር። ዓለምን የሚያናውጥ ሰው ይሆናል ብሎ የጠበቀው አልነበረም።

በ1760 ቴሬሳ ብላስኮ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ ወደደ። አባቱ ግን በሀብትም በዘርም አትመጥነንም ብለው ተቃወሙ፤ ልጁ እምቢ ሲላቸውም በመንግሥት ሥልጣን ከቤት እንዳይወጣ አስደረጉት። ይህ ሰው ያለ ክስና ያለ ፍርድ መታሰር ምን እንደ ሆነ ያወቀው በገዛ አባቱ ቤት ነው ማለት ነው። ለመጽሐፉ መነሻ የሆነው ይህ ነው ብለን ባንደፍርም፣ ነገሩን ሳናስብበት ማለፍ አልቻልንም። በ1761 ተጋቡ፤ ከአባትየው የሚቆረጥላቸው ገንዘብ ትንሽ ስለ ነበረ ተቸገሩ። በ1762 ጁልያ የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ። በዚሁ ጊዜ ፒየትሮ ቬሪ የሚባል ወዳጁ መካከል ገብቶ ከአባቱ ጋር አስታረቀው።

ፒየትሮ ቬሪና ታናሽ ወንድሙ አሌሳንድሮ ወጣት መኳንንትን እየሰበሰቡ ስለ ሕግ፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ሳይንስ የሚከራከሩበት ማኅበር ነበራቸው። ክርክሩ ከመጋሉ የተነሣ ስሙ በቀልድ የቡጢ አካዳሚ ተባለ። አሌሳንድሮ በከተማይቱ የእስረኞች ጠበቃ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ይኸውም ወደ ወህኒ ቤት እየገባ የታሳሪዎችን አቤቱታ መስማት ነው። ቀን ያየውን ማታ ለጓደኞቹ ያወራል። ቤካሪያ ዝም ብሎ ይሰማል። ጓደኞቹም ጽሕፈት ቢያበዛበት እንጂ ሐሳብ እንደማይቸግረው ስለሚያውቁ፣ አንተ ጻፈው ብለው ጫኑበት። በ1763 ጀመረ። አንድ ሰዓት ያህል ከጻፈ በኋላ እየደከመው ብዕሩን ይጥል ነበር ይባላል፤ የተጻፈውን እየለቀመ በደኅና እጅ የሚገለብጠው ፒየትሮ ነበር። መጽሐፉ በ1764 በሊቮርኖ ከተማ የጸሐፊው ስም ሳይጠቀስበት ታተመ። ርእሱ ስለ ወንጀሎችና ስለ ቅጣቶች ይላል። መጠኑ ከ100 ገጽ ብዙም አይበልጥም። ደራሲው በዚያን ጊዜ ገና የ26 ዓመት ወጣት ነው፤ ከእኛ ከብዙዎቻችን ዕድሜ ጥቂት ቢበልጥ ነው።

በዚያን ዘመን የነበረውን የኤውሮፓ ፍርድ ያላወቀ ሰው የመጽሐፉን ድፍረት አይረዳውም። በእንግሊዝ አገር አምስት ሽልንግ የሚያወጣ ዕቃ ከሱቅ የሰረቀ በሕግ ስቅላት ይጠብቀው ነበር፤ በሞት የሚያስቀጡ ድንጋጌዎችም በ19ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ከ200 በላይ ደርሰው ነበር። በፈረንሣይ አገር በቱሉዝ ከተማ ዣን ካላስ የተባለ ሽማግሌ ነጋዴ ልጁ ቤት ውስጥ ሞቶ ቢገኝ፣ ልጁ ሃይማኖት ሊለውጥ ሲል አባቱ ገደለው ተብሎ በ1762 በመንኰራኵር ተሰብሮ ሞተ። በ1765 ካላስ ንጹሕ መሆኑ ተፈረደ። የተፈረደው እንግዲህ ለመቃብሩ ነው። በብዙ አገርም መኰንን ሲሞት አንገቱን በሰይፍ፣ ባላገር ሲሞት በገመድ ነበር፤ ሞት ራሱ በማዕርግ ይከፋፈል ነበር።

ቤካሪያ በመጽሐፉ ውስጥ በመጀመሪያ ማሠቃየትን ነቀፈ። በግርፋት እውነት ይወጣል ማለት ፍርዱን ለጡንቻ መስጠት ነው፤ ሰውነቱ የጠነከረ ወንጀለኛ ችሎ ነጻ ይወጣል፣ ደካማው ንጹሕ ያላደረገውን አምኖ ይሞታል ሲል አስረዳ። የፒያሳና የሞራ ነገር ይህ አይደለምን? ቀጥሎም ስለ ሞት ቅጣት ተናገረ። ሰዎች በሰላም ለመኖር ሲሉ ከነጻነታቸው ጥቂት ቈርሰው ለመንግሥት ሰጡ እንጂ፣ ስትፈልግ ግደለኝ ብሎ ሕይወቱን ያስረከበ የለም፤ ስለዚህ መንግሥት ይህን መብት ከማን አገኘው ብሎ ጠየቀ። ደግሞም ሰውን ከወንጀል የሚያግደው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን የማይቀር መሆኑ ነው፤ አመልጣለሁ ብሎ ተስፋ ለሚያደርግ ሰው ትልቁ ቅጣት ከማያመልጠው ትንሽ ቅጣት ያንሳል አለ። የስቅላት ቀን አደባባይ የሚወጣውን ሕዝብ ተመልክቶም፣ ለአብዛኛው ትዕይንት፣ ለአንዳንዱ ኀዘኔታ እንጂ ትምህርት እንደማይሆን አስተዋለ። መግደል ክልክል ነው የሚል ሕግ ራሱ በአደባባይ ሲገድል ማስተማሪያነቱ ምኑ ላይ ነው የሚለው ክርክሩ እስከ ዛሬ የሁሉም አፍ ማሟሻ ነው።

እኛን ግን ከሁሉ ይልቅ ያቆመን ሌላ ስፍራ ነው። ቤካሪያ አንድ ድኻ ሌባ በልቡ የሚያስበውን ይተርካል። ሌባው ሕጉን ያወጡት ባለጸጎች መሆናቸውን፣ እነርሱም የድኻውን ጎጆ ገብተው አይተው እንደማያውቁ፣ ልጆቹ ሲርባቸው የሚያሰሙትን ለቅሶ ሰምተው እንደማያውቁ ያስባል። ደራሲው ሌባውን አላመሰገነም። ይሁን እንጂ አንድን ሰው ከመግደል በፊት ያ ሰው ሕጉን በምን ዓይን እንደሚያየው ማሰብ እንደሚገባ ያሳየናል። በውይይታችን ዕለት ስለ ሟች እናት ብዙ ተናግረናል፤ ገመዱ ዘወትር በማን አንገት እንደሚገባ ግን ከመካከላችን አንድም አላነሣም።

ይህን ስንል ቤካሪያ ልበ ቡቡ ነበር ማለታችን አይደለም። በሞት ምትክ ያቀረበው ዕድሜ ልክ በሰንሰለት ታስሮ ከባድ ሥራ መሥራት ነው። ምክንያቱም ርኅራኄ ሳይሆን፣ ለተመልካች ከሞት ይልቅ ይህ ያስፈራል የሚል ነው። ይህን ገጽ ስናነብ ደንግጠናል። ድንጋጤያችንም ከንቱ አልነበረም፤ የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍ በ1787 ለመደበኛ ወንጀል የሞት ቅጣትን ሲያስቀሩ፣ እስረኞቹ በዳንዩብ ወንዝ ጀልባ ሽቅብ እንዲጐትቱ ተደረገ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በድካምና በበሽታ አለቁ። ገመዱ ቀርቶ ሞቱ አልቀረላቸውም።

ሌላም ነገር አለ። ቤካሪያ ሞት ሊፈቀድባቸው የሚችልባቸውን ሁለት በሮች ክፍት ትቷል። አንደኛው፣ ሰውየው ታስሮም እንኳ በወዳጆቹና በኀይሉ ምክንያት መንግሥትን የሚያናውጥ ሲሆን ነው። ሁለተኛው፣ ሌሎችን ከወንጀል ለመመለስ ከሞቱ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው። ሁለተኛውን በር ራሱ በክርክሩ መልሶ ዘግቶታል። ፊተኛው ግን ክፍት ቀረ። ስለዚህ በር በኋላ እንመለስበታለን።

መጽሐፉ እንደ ታተመ ወሬው ኤውሮፓን ሞላ። በ1765 አንድ መነኩሴ ደራሲው የሃይማኖትና የነገሥታት ጠላት ነው ብሎ ጻፈበት፤ በ1766 የሮማ ቤተ ክርስቲያን ከተከለከሉት መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ አስገባችው። በዚያው ዓመት ቮልቴር ማብራሪያ ጻፈለት። የሩስያይቱ ንግሥት ካትሪን በ1767 ላወጡት የሕግ መመሪያ ከመጽሐፉ ብዙ ወስደዋል፤ ደራሲውንም ወደ አገራቸው ጋብዘውት ነበር፣ እርሱ ግን አልሄደም። በ1766 ወደ ፓሪስ ተጋብዞ ከአሌሳንድሮ ቬሪ ጋር ቢሄድ፣ ሊቃውንቱ ሁሉ ሊያዩት ሲሽቀዳደሙ እርሱ በጭንቀትና በሚስቱ ናፍቆት ተይዞ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ሚላኖ ተመለሰ። በዚህም ከቬሪ ወንድማማቾች ጋር ተቃቃረ። ከዚያ በኋላ ከአገሩ ርቆ አልሄደም። መጽሐፉን ሲጽፍ የሰንሰለት ድምፅ በጆሮው ይሰማው እንደ ነበር፣ የሰውን ልጅ ሊረዳ እንጂ ሰማዕት ሊሆን እንዳልፈለገ ለፈረንሣዩ ተርጓሚ ጽፎለታል። ፈሪ ነበር የሚሉት አሉ። እኛ ግን ፍርሃቱን ሳይደብቅ በመናገሩ ወደድነው።

የቀረው ሕይወቱ የመንግሥት ሠራተኛ ሕይወት ነው። በ1768 በሚላኖ የኤኮኖሚ ትምህርት መምህር ሆነ፤ በ1771 በመንግሥቱ የኤኮኖሚ ምክር ቤት ገብቶ ስለ ገንዘብ፣ ስለ እህል፣ ስለ ሚዛንና መስፈሪያ ሲሠራ ኖረ። በቤቱ ግን የሚመሰገን ሰው አልነበረም። ቴሬሳ በ1774 ሞተች፤ ሦስት ወር ሳይሞላት ሌላ አገባ። ልጁን ጁልያን በገዳም አስገብቶ ለዓመታት ተዋት፤ ካደገችም በኋላ በገንዘብ ነገር ተጣሉ። ስለ ፍርድ ትክክለኛነት ዓለምን ያስተማረ ሰው ለገዛ ልጁ ፍርድ አጓደለ ማለት ነው። የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስንጽፍ እንዲህ ያለውን ነገር መዝለል ልማዳችን ስለ ሆነ ሳንዘልለው ልናልፍ ፈለግን።

በዚህ መካከል በ1778 የነውር ዓምዱ ፈረሰ። ኖቬምበር 30 ቀን 1786 የቶስካና መስፍን ሌኦፖልድ በግዛታቸው የሞት ቅጣትን ፈጽመው ሻሩ፤ ይሁን እንጂ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአንዳንድ ወንጀል ተመለሰ። በፈረንሣይ ደግሞ በ1791 ሮቤስፒየር በሸንጎ ቆሞ የሞት ቅጣት ይቅር ብሎ ተከራከረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በእርሱና በባልደረቦቹ ዘመን ሺሕ በሺሕ ሰው በጊዮቲን ተቀላ፣ በ1794 ራሱም በዚያው ሞተ። የሕዝብ ጠላት የሚል ቃል ሲመጣ የክርክሩ ሁሉ ብርታት እንዴት እንደሚቀልጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ቤካሪያ ለመጨረሻ ጊዜ ስለ ሞት ቅጣት የጻፈው በ1792 ነው። ለሎምባርዲያ ግዛት የወንጀል ሕግ እንዲያዘጋጅ በተቋቋመው ኮሚቴ ውስጥ አብዛኞቹ ሞት ይኑር ሲሉ፣ እርሱና ሁለት ባልደረቦቹ የልዩነት ሐሳብ አቀረቡ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በመጽሐፉ ጎልቶ ያልታየ አንድ ነገር አለ። የሰው ማስረጃ የቱንም ያህል ቢጠነክር ከስሕተት አይነጻም፤ ሌላው ቅጣት ስሕተቱ ሲታወቅ ሊቆም ይችላል፣ ሞት ግን አይመለስም የሚል ነው። በ26 ዓመቱ የመንግሥትን መብት የጠየቀው ሰው በኋለኛው ዕድሜው የዳኛን ስሕተት አሰበ። እኛን ከያዝነው ወገን ያናወጠን ይህኛው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኖቬምበር 28 ቀን 1794 በድንገተኛ ሕመም ሞተና ከከተማው በር ውጭ በተራው ሕዝብ መቃብር ተቀበረ።

ያ የጁልያ ልጅ፣ ማለት የቤካሪያ የልጅ ልጅ፣ ታላቁ ደራሲ አሌሳንድሮ ማንዞኒ ነው። እርሱም ስለ ነውር ዓምዱ ታሪክ መጽሐፍ ጽፏል። ሐሳቡ ከአያቱ ዘመን ሰዎች አንድ ርምጃ ያልፋል፤ ፒያሳንና ሞራን የገደላቸው ክፉ ሕግ ብቻ አይደለም፣ ዳኞቹ በዚያው ሕግ እንኳ እውነቱን ለማየት ይችሉ ነበር፣ ነገር ግን የሕዝቡን ቍጣ ስለ ፈሩ ወንጀለኛ ማግኘት ፈለጉ ይላል።

አሁን ክፍት ወደ ቀረው በር እንመለስ። የተባበረችው ኢጣልያ በ1889 ባወጣችው የወንጀል ሕግ የሞት ቅጣትን ሻረች፤ ወታደራዊው ሕግ ግን እንዳለ ቀረ። ፋሺስቶች በ1926 የንጉሡንና የመሪውን ሕይወት ለሚነኩና በመንግሥት ላይ ለሚነሡ ብለው ቅጣቱን መለሱ፤ በ1930 ደግሞ ለሌሎችም ወንጀሎች አሰፉት። ቀጥሎ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የነበሩት አቡነ ጴጥሮስ፣ አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ባደረጉት ዘመቻ ተባባሪ ናቸው ተብለው በወራሪው ወታደራዊ ችሎት ሞት ተፈረደባቸው፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት ተደበደቡ። ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ ተኳሹም አንድ ነበር። የቤካሪያ አገር ሰዎች በቤካሪያ በር ገብተው ነው ይህን ያደረጉት፤ ታስሮም እንኳ መንግሥትን የሚያናውጥ ሰው ከአንድ ጳጳስ የበለጠ ከየት ይመጣ ነበር? እርሱ ሰማዕት ልሆን አልፈልግም ብሎ በአልጋው ሞተ፤ እርሳቸው ግን ሰማዕት ሆኑ።

በአገራችን በቀድሞው ልማድ ነፍስ ገዳይ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ ነበር። ደመኛው ቢፈልግ ይገድለዋል፣ ቢፈልግ የደም ዋጋ ተቀብሎ ይምረዋል። ያቺ በውይይታችን ያነሣናት እናት በዚያን ጊዜ የመማርም ድርሻ ነበራት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሞት ቅጣትን ለከባድ ወንጀሎች አስቀምጧል፤ ርእሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው ግን አይፈጸምም፤ በአደባባይ መስቀልንም ይከለክላል።

ኢጣልያ በበኵሏ በ1944 የፋሺስቱን የሞት ቅጣት ከወንጀል ሕጓ አወጣች፤ በ1948 በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥቷም ከለከለው። ነገር ግን በጦርነት ጊዜ በወታደራዊ ሕግ ከተደነገገው በቀር የምትል አንዲት ሐረግ እዚያው ቀርታ ነበር። ወታደራዊው ሕግ በ1994 ተሻሻለ። ሐረጊቱ ራሷ ከሕገ መንግሥቱ የተፋቀችው በ2007፣ መጽሐፉ ከታተመ ከ243 ዓመታት በኋላ ነው።